የተሰነጠቀ እንስራ፣ አሮጌ ጣሳና አደይ አበባ

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በእንፍራንዝ ዙሪያ ያለው ኮረብታና የማሳው ድንበር ቢጫ ይለብሳል። የጉዛራ ግንብ አካባቢም እንዲሁ ነው። ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ እንግጫ ይነቅላሉ፤ አደይ አበባም ቆርጠው ያመጣሉ። ታዲያ አበባው እቤት ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? ወይ ምሰሶ ላይ ይሰካል፣ ወይ ከቄጠማው ጋር ይጎዘጎዛል። በማግስቱ ጠውልጎ ይጣላል። ውሃ ቢያገኝ ኖሮ ብዙ ቀን ይቆይ ነበር።

አበባ ማስቀመጫ ለመግዛት ከተማ መውረድ አያሻንም። ዕቃው በየጓሯችን ወድቋል። አንገቱ የተሰበረ ጀበና፣ የተሰነጠቀ እንስራ፣ አፉ የተሸረፈ ማሰሮ፣ ቅል፣ የዘይት ጣሳ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ሁሉም ያገለግላል።

ከሁሉ የሚሻለው ሸክላ ነው። ሸክላ ይተነፍሳል። ውሃው በገላው በኩል ቀስ እያለ ወጥቶ ስለሚተን፣ በውስጡ የቀረው ውሃ ይቀዘቅዛል። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። አበባም ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል። እንስራው ተሰንጥቆ የሚያፈስ ከሆነ ጣሳ ውሃ ሞልተን ወደ ውስጥ እናስገባለን። ከውጭ የሚታየው እንስራው ነው፤ ውሃውን የሚይዘው ግን ጣሳው ነው።

ሸክላን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንበል። ከጎንደር ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራ የታወቀች መንደር ናት። በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ቤተ እስራኤሎች አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል በተደረጉት ጉዞዎች ሄደዋል። የሸክላው ሥራ ግን አልቀረም። ድሮ ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያሉ የሚሸሹ ብዙ ነበሩ። በሠራችው ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ ግን ማንም አልሸሸም!

ስንጥቅ ዕቃን የማይንቁ ሌሎች ሕዝቦችም አሉ። በጃፓን አገር አበባ መደርደር ከመምህር የሚቀሰም ሙያ ነው፤ ኢኬባና ይባላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1590 ሰን ኖ ሪኪዩ የሚባል የሻይ ሥርዓት መምህር ከቀርከሃ የአበባ ማስቀመጫ ቆርጦ ሠራ። ቀርከሃው ስንጥቅ አለው። ያ ስንጥቅ ቀርከሃ እስከ ዛሬ በቶኪዮ ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይገኛል።

አበባውን በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ መቁረጥ ይበጃል። በተሳለ ቢላ አግድመን ሳይሆን አሾልከን እንቁረጠው፤ ውሃ የሚጠጣበት አፍ ይሰፋለታል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል እናራግፍ፤ አለዚያ ይበሰብስና ውሃውን ያሸተዋል። አፈ ጠባቡ ጀበና ሦስት አራት ረጃጅም ዘንግ ይበቃዋል። አፈ ሰፊው ማሰሮ ግን አበባውን ይጥለዋል፤ ስለዚህ ቀጫጭን ጭራሮ አጠላልፈን አፉ ላይ እንጋድምና በመካከሉ እንሰካ። ጣሳ ቀላል ስለሆነ እንዳይወድቅ ከሥሩ ጠጠር ይጨመርበታል። የተቆረጠ የጣሳ አፍ እጅ ይቆርጣልና በድንጋይ ቀጥቅጠን ወደ ውስጥ እንጠፈው። የኑግ አበባም ያምራል፤ ግን እያንዳንዱ አበባ ዘይት ነው፣ የጎረቤትም ማሳ ነው፣ ተዉት። አደዩንም ቢሆን ለንብ እናስቀርላት።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በሽንኩርት ማሳ ላይ የሚረጨው ጸረ ተባይ መድኃኒት የሚመጣበት ዕቃ ቀለሙ ያምራል፤ ክዳኑም ይገጥማል። ይህን ዕቃ ለአበባም ቢሆን እቤት አናስገባ። ደጋግመን ብናጥበው እንኳ መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። ዛሬ አበባ የያዘው ዕቃ ነገ ድግስ ሲመጣ ውሃ ይቀዳበታል። ሕፃን ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ቢሆን እንኳ የራስ ቅልና የሁለት አጥንት ሥዕል ካለበት መርዝ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ አለቅልቀን እጣቢውን እዚያው መርጫው ውስጥ እንጨምር። ከዚያ ዕቃው ዳግመኛ ውሃ እንዳይዝ በስተን ለግብርና ባለሙያው እናስረክብ።

ሁለተኛው ነገር ወባ ነው። ትንኝ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ ልጆቿ ክንፍ አውጥተው ለመብረር አንድ ሳምንት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። የአበባውን ውሃ በየሁለት ቀኑ ከደፋን አይደርሱም። «የወባ ትንኝ የምትራባው ረግረግ ላይ ነው፣ ጣሳ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ድሮ እውነት ነበር። ነገር ግን በበርሜልና በጣሳ ውሃ የምትራባ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር የተያያዘ ነበር። በደጅ የተጣለ ባዶ ጣሳም ዝናብ እንዳይሞላው ይደፋ።

የመጨረሻው እምቦጭ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው ይህ አረም አበባው ወይን ጠጅ ነው፤ ማማሩን ማን ይክደዋል? አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ዓለምን የወረረውም በአብዛኛው በውበቱ ነው፤ ሰዎች አበባውን ወደው ከአገር አገር ወስደው ኩሬያቸው ላይ አስቀመጡት። ዘሩ በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ከሐይቁ ዳር አንድ እግር በጣሳ ይዘን ብንመጣና ውሃውን የመስኖ ቦይ ላይ ብንደፋው ቦዩም ኩሬውም ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ከጣና ስንመለስ ባዶ እጃችንን እንምጣ። አበባ ካማረን ቀጋው ከመንገድ ዳር አለ፤ እሾሁን እየተጠነቀቁ መቁረጥ ነው።