ጠቦቶቼ አዲስ መኖ እምቢ አሉ

ጥያቄ፦ ጡት የጣሉ የመንዝ ጠቦቶቼን ላደልብ አስቤ ነበር። ከድርቆሽና ከገብስ ገለባ በቀር የኑግ ፋጉሎም ሆነ ትሪ ሉሰርን አሽትተው ይተዋሉ። ምን ላድርግ?
አንባቢ፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ በግ የማያውቀውን መኖ መጠርጠሩ ከመርዛማ ቅጠል የሚጠብቀው ጠባይ ነው። ስለዚህ በረሃብ አያስገድዷቸው።

ፋጉሎውን ፈጭተው ከፉሩሽካና ከትንሽ ጨው ጋር ይቀላቅሉና በለመዱት ድርቆሽ ላይ ይነስንሱ። ለአንድ ጠቦት በቀን 50 ግራም ገደማ ጀምረው በ2 ሳምንት ቀስ በቀስ እስከ 300 ግራም ያድርሱ። በጨጓራ ውስጥ መኖ የሚያብላሉት ተሕዋስያን ለውጡን የሚላመዱት በጊዜ ነው፤ በተለይ እህል በድንገት ከበዛ ጨጓራው ይኮመጥጣል፣ ጠቦቱም ሊሞት ይችላል።

የትሪ ሉሰርን ቅጠል ትኩሱን ብዙ በግ አይወደውም። አጭደው አንድ ሌሊት ያጠውልጉት፤ ጠዋት ከድርቆሹ አስቀድመው ያቅርቡ። የተረፈውንና የሻገተውን በየቀኑ ከገንዳው ያውጡ።

መኖውን የለመደ አንድ በግ አብሯቸው ቢያስሩ ሌሎቹ አይተው ይከተሉታል። ለመጪዎቹ ግልገሎች ደግሞ ገና ሲጠቡ ከእናታቸው ጋር ያቅምሷቸው፤ ያኔ የቀመሱትን አድገውም አይሸሹትም።

ሆዱ የተነፋ ወይም ያስቀመጠው ካለ አዲሱን መኖ አቁመው የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።