መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ አልነሳ ካለ

በቅርቡ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በጋራ የምንጠቀምበት ባለ ሲም ካርድ ራውተር አልነሳ አለን። አሳይመንት ማስገቢያው ደግሞ በዚያው ሌሊት ነበር። ተጣድፈን የሪሴቱን ቁልፍ ደጋግመን ተጫንን፤ ግማሽ ሰዓት አባከንን እንጂ የፈየደልን ነገር የለም። ከዚያ የተማርነው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንደኛ፣ ሶኬቱን በስልክ ቻርጀር እንሞክር።

ሁለተኛ፣ ጠቋሚ መብራቱ ጨርሶ ካልበራ ወይም በርቶ እየጠፋ ከተመላለሰ አዳፕተሩን እንጠርጥር። የተዳከመ አዳፕተር ብቻውን ሲለካ 12 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ ራውተሩ ሲሰካበት ግን ይወርዳል። ስለዚህ በሌላ ደህና አዳፕተር መሞከር ይሻላል። ቮልቱና የጫፉ ፖላሪቲ አንድ ዓይነት፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ራውተሩ ተነስቶ ኔትወርክ ከሌለው አጥፍተን ሲም ካርዱን አውጥተን እንመልስ፤ የኤፒኤን ቅንብሩንም እንይ።

ሪሴት የመጨረሻው ነው። የዋይፋይ ስሙን፣ ፓስወርዱንና ቅንብሩን ስለሚያጠፋ አስቀድመን እንመዝግባቸው።

የእኛ ችግር አዳፕተሩ ነበር። ከጎረቤት ዶርም ተመሳሳይ ተውሰን ስንሰካ ራውተሩ ተነሳ፤ አሳይመንቱም በሰዓቱ ገባ፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን መብራት ሲጠፋ ራውተሩን ከሶኬት እንነቅላለን፤ ሲመጣም ኃይሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቀን እንሰካለን።