የፍጥነት መንዳት ትምህርት ቤት ውሎ

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚገባባቸው የመንዳት ትምህርት ቤቶች ለሁላችንም የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ፣ መንጃ ፈቃዱን ያወጣ ሰው እንደገና ገንዘብ ከፍሎ የሚገባባቸው፣ ትምህርቱም በሕዝብ መንገድ ላይ ሳይሆን ለእሽቅድምድም በተሠራ ዝግ ጎዳና ላይ የሚሰጥባቸው ቤቶች በአሜሪካና በአውሮፓ አሉ። ከወንድሞቻችንና ከእኅቶቻችን መካከል ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ስላሉ፣ እንዲህ ካለው ቤት ደጃፍ የሚደርስ አይጠፋም። የማይደርስበትም ቢሆን በዚያ ምን እንደሚሠራ ቢያውቅ አይከስርም፤ በዚያ የሚሰጠው ትምህርት ስሙ እንደሚያስመስለው አይደለምና። ስሙ ፍጥነት ይላል። የቀኑ ትልቁ ክፍል ግን የሚያልፈው መቆምን፣ ማየትንና መዘግየትን በመማር ነው።

ከእነዚህ ቤቶች ታሪካቸው ከታወቀው አንዱን ለምሳሌ ልውሰድ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦብ ቦንዱራንት የተባለው አሜሪካዊ ተወዳዳሪ በ1964 በፈረንሳይ አገር በሌ ማን በሚደረገው የ24 ሰዓት እሽቅድምድም ከዳን ገርኒ ጋር እየተፈራረቀ ነድቶ በመኪናው ምድብ አንደኛ ወጣ። በ1967 በዋትኪንስ ግሌን ሲወዳደር፣ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ግድም እየሄደ ሳለ የመሪው ክንድ ተሰበረ። መኪናው ተገለባበጠ፤ ሰውየውም እግሮቹ ክፉኛ ተጎድተው ሆስፒታል ተኛ። የትምህርት ቤቱን ዕቅድ ያወጣው በዚያ አልጋ ላይ ነው። በ1968 በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ የፊልም ተዋናዩ ፖል ኒውማን ነበር፤ የመጣው ለአንድ ፊልም ሲባል ቢሆንም ነገሩ ከልቡ ገብቶ፣ በ1979 በ54 ዓመቱ በሌ ማን ከጓደኞቹ ጋር ሁለተኛ ወጣ። ትምህርት ቤቱ በ1990 ወደ አሪዞና ተዛወረ። መሥራቹ በ2021 ሲሞት፣ በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቱ ስም ራድፎርድ ተብሎ ተለወጠ።

እኔን ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ የተዋናዩ ነገር አይደለም። የነጂነት ችሎታን የሚያስተምር ቤት የቆመው ምንም ዓይነት ችሎታ ሊያድነው በማይችል አደጋ በወደቀ ሰው እጅ መሆኑ ነው። መሪው የተሰበረበት ሰው ምን ያድርግ? ስለዚህም ይመስለኛል በእነዚህ ቤቶች ሁሉ የጠዋቱ ሥራ ከነጂው ሳይሆን ከመኪናው የሚጀምረው።

አንዳንዱ ቤት የራሱን መኪና ይሰጣል፤ አንዳንዱ ተማሪው በገዛ መኪናው እንዲመጣ ይፈቅዳል። በገዛ መኪናው የሚመጣ አስቀድሞ የኢንሹራንስ ውሉን ያንብብ፤ ብዙ ውሎች በእሽቅድምድም ጎዳና ላይ የደረሰን ጉዳት አይከፍሉም። በማለዳው ቁጥጥር የጎማ ቡሎኖች ይጠብቃሉ፣ የጎማው ንፋስ ይለካል፣ የፍሬኑ ሸራ ውፍረት ይታያል፤ ጠርሙስም ሆነ ክሪክ፣ የወለል ምንጣፍም ጭምር፣ ያልታሰረ ነገር ሁሉ ከውስጥ ይወጣል። ከነዳጅ መስጫው ሥር የተንከባለለ የውኃ ጠርሙስ ከማናቸውም ጠባብ መታጠፊያ የከፋ ጠላት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠየቀው ግን የፍሬን ዘይት ዕድሜ ነው። ይህ ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ተደርጎ ይሠራል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ደንቡ የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ፍሬን እየተደጋገመ በኀይል ሲረገጥ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል፤ ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋ ደግሞ ስለሚጨመቅ የነጂው እግር ምንም ሳያገኝ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ይህን ለመረዳት አሪዞና ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ቁልቁለቱን ሁሉ በከባድ ማርሽ የሚወርደው ለዚሁ ነው፤ ሞተሩ ሲይዝለት ፍሬኑ ቀዝቅዞ ይቆየዋል።

ከቁጥጥሩ በኋላ ጥቁር ሰሌዳ ፊት መቀመጥ ይመጣል። አሠልጣኙ ስለ አቀማመጥ ረጅም ጊዜ ይናገራል፤ ለመሮጥ ለቸኮለ ተማሪ ይህ የቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ይመስለዋል። ትከሻ ከመደገፊያው ሳይለቅ ክንድ ሲዘረጋ የእጅ አንጓ በመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት። ፍሬን እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ጉልበት ጥቂት እንደ ታጠፈ መቅረት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በመቀመጫው ላይ የሚንሸራተት ሰው መሪውን እንደ መደገፊያ ዱላ ይይዘዋል፤ የተደገፈበት እጅ ደግሞ ጎማው የሚነግረውን አይሰማም።

ከዚያ ስለ ዐይን ይነገራል። እዚህ ላይ፣ የቋንቋ ተማሪ ነኝና፣ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በአማርኛችን «መንዳት» ከመኪና በፊት የከብት ቃል ነበር፤ ከብት ነጂ ከኋላ እየተከተለ ዐይኑን ከከብቱ አይነቅልም። «ሾፌር» የሚለው ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን መነሻ ትርጉሙ እሳት አንዳጅ ማለት ነው፤ አንዳጁም የሚያየው ምድጃውን ነው። የመኪና ነጂ ግን ከሁለቱም ይለያል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ግድም ስለሚያልፍ፣ ከኮፈኑ ፊት ያለው ነገር ነጂው ሲያየው አልፏል። ስለዚህ ዐይን መኪናው ገና ካልደረሰበት ቦታ ላይ መሆን ይገባዋል። በተጨማሪም እጅ ዐይንን ይከተላል፤ የፈራውን ግንብ ትኩር ብሎ የሚያይ ሰው ሳያውቀው ወደ ግንቡ ይነዳል። አሠልጣኞቹ ቀኑን ሙሉ የሚደጋግሙት ትእዛዝ «ልትሄድበት የምትፈልገውን እይ» የሚል ነው።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ፤ የትምህርቱ ሥር ያለው እዚህ ነው። አንድ ጎማ መሬት የሚነካው የሰው መዳፍ በሚያህል ስፍራ ብቻ ነው። መኪናው የሚቆመውም፣ የሚታጠፈውም፣ የሚፈጥነውም በእነዚህ አራት መዳፎች ነው። የጎማውን የመያዝ ኀይል እንደ ተማሪ የኪስ ገንዘብ መቁጠር ይቻላል፦ ሙሉውን ለፍሬን ያወጣ ለመታጠፍ የሚቀረው የለም። በዚህ ምክንያት ነው ፍሬን ረግጦ ጎማውን ያንሸራተተ ሰው መሪውን ቢያዞርም መኪናው ቀጥ ብሎ የሚሄድበት። ሒሳቡ ግን ከኪስ ገንዘብ ጥቂት ይለግሳል። ሁለቱ ኀይሎች በማዕዘን ስለሚደመሩ፣ ከመቶ 80 ለፍሬን ያወጣ ሰው ለመታጠፍ የሚተርፈው 20 ሳይሆን 60 ነው። ሠለጠኑ የሚባሉት ነጂዎች ወደ መታጠፊያው እየገቡ ፍሬኑን ቀስ በቀስ የሚለቁት ይህችን ትርፍ ለመጠቀም ነው። ለጀማሪ ግን የሚታዘዘው ፍሬኑን በቀጥታው መንገድ ጨርሶ ከዚያ መታጠፍ ነው፤ ይህንንም ሳይነቅፍ መቀበል ይገባዋል።

ከዚህ በኋላ ተማሪው ከመኪና ይገባል። በቦንዱራንት ቤት የታወቀው መሣሪያ ለመንሸራተት የተሠራው መኪና ነበር፦ በጎንና በጎኑ ትናንሽ ጎማዎች ያሉት ብረት ተገጥሞለት፣ አሠልጣኙ በእጁ ባለው መቆጣጠሪያ የመኪናውን ክብደት ከፊት ወይም ከኋላ ጎማዎች ላይ ያቀልለዋል። የፊት ጎማዎች ሲንሸራተቱ መሪውን ይበልጥ ማዞር ነገሩን ያብሰዋል፤ መድኀኒቱ ነዳጁን ቀስ ብሎ መልቀቅና መሪውን ጥቂት መመለስ ነው። የኋላዎቹ ሲንሸራተቱ ደግሞ መሄድ ወደሚፈለግበት አይቶ መሪውን ወደዚያው መስጠት፣ መኪናው ሲቀናም ፈጥኖ መመለስ ነው። በሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር የፈጀው ነገር በመቀመጫው ላይ ላብ ያስወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዝግታ፣ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ባነሰ ፍጥነት ነው።

ሌላው ልምምድ ሦስት ጠባብ መንገዶች ጎን ለጎን ያሉበት ነው። በላያቸው የትራፊክ መብራት አለ። ተማሪው ወደ መሃከለኛው እየነዳ ሲቃረብ በመጨረሻዋ ቅጽበት ሁለቱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ ይሆናሉ፤ ወደ አረንጓዴው መዞር አለበት። ሲደጋገም ፍጥነቱ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስም ሁሉም ተማሪ ኮኖቹን መግጨት ይጀምራል። የልምምዱ ቁም ነገር ይህ ነው፤ በአምስት ኪሎ ሜትር ጭማሪ ብቻ የሚቻለው የማይቻል ይሆናል።

ይህን በቁጥር እንየው። በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ነጂው እስኪነቃ አንድ ሰከንድ ብንሰጠው 14 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከዚያ በኀይለኛ ፍሬን ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ግድም ይፈጃል። በአጠቃላይ 28 ሜትር ነው። ፍጥነቱ ወደ 100 ሲታጠፍ የፍሬኑ ርቀት አራት እጥፍ ስለሚሆን ጠቅላላው 83 ሜትር ያህል ይደርሳል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ትንሿ ልዩነት ናት፦ በ50 የሄደው መኪና ልክ ሊቆም በሚችልበት ቦታ ላይ አንድ ሕፃን ቢቆም፣ በ60 ይሄድ የነበረው መኪና ያንን ሕፃን ሲያገኘው ገና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተማሪው በሙሉ ጎዳናው ላይ ከአሠልጣኙ ጋር ይዞራል። እዚህ የሚማረው «መስመር» የሚሉትን ነው። በመታጠፊያ ላይ ሊኬድ የሚቻለው ፍጥነት በሬዲየሱ ይወሰናል። የጎማው የመያዝ ኀይል ከመኪናው ክብደት 8 ዐሥረኛ ነው ብንል፣ 50 ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። ነጂው ከውጭኛው ጠርዝ ገብቶ፣ ውስጠኛውን ነክቶ፣ እንደገና ወደ ውጭኛው በመውጣት ኩርባውን ወደ 70 ሜትር ቢያሰፋው ወደ 84 ይደርሳል፤ ጎማውም ሞተሩም ያው ናቸው። ውስጠኛው ጠርዝ የሚነካበትን ነጥብ ማዘግየት ይመከራል፤ ቸኩሎ የነካ ሰው መውጫው ላይ መንገድ ያልቅበታል። ይህ የሚሠራው ከፊት የሚመጣ በሌለበት ዝግ ጎዳና ብቻ መሆኑን መጨመር አያስፈልግ ይሆናል፤ ቢሆንም እጨምራለሁ።

በጎዳናው ላይ ቋንቋው ባንዲራ ነው። ቢጫ፦ ከፊት አደጋ አለ፣ ቀስ በል፣ አትለፍ። ቀይ፦ ዙሩ ተቋርጧል። ጥቁር፦ ወደ መቆሚያው ግባ። ሰማያዊ፦ ከኋላህ የሚፈጥን አለ። ዝርዝሩ ከቤት ቤት ጥቂት ስለሚለያይ የጠዋቱን ገለጻ በደንብ ማዳመጥ ነው። ለተማሪዎች በሚሰጥ ዙር ማለፍ የሚፈቀደው ብዙውን ጊዜ በቀጥታ መንገድ፣ የፊተኛው በእጁ ምልክት ሲሰጥ ብቻ ነው። ውድድር አይደለም፤ ሰዓትም አይያዝም። አንድ ዙር 20 ደቂቃ ያህል ቢቆይ ነው፤ ከዚያ በላይ ሐሳብ ይበተናል። የመጨረሻው ክብ ለማቀዝቀዝ በዝግታ ይነዳል፤ ከቆሙም በኋላ የእጅ ፍሬን አይሳብም፣ የጋለውን ብረት ያጣምመዋልና።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ትምህርት የተማረ ሰው በሕዝብ መንገድ ላይ የተሻለ ነጂ ይሆናልን? መልሱ እንደሚጠበቀው አይደለም። በኖርዌይ በ1979 አዲስ ነጂዎች ሁሉ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ መንዳትን በግዴታ እንዲማሩ ተደረገ። በ1980ዎቹ ውጤቱ ሲመረመር ወጣት ወንዶች በሚያንሸራትት መንገድ ላይ የሚያደርሱት አደጋ በመቀነስ ፈንታ ጨምሮ ተገኘ። ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ፣ ትምህርቱ ከችሎታቸው ይልቅ ድፍረታቸውን አሳድጎታል የሚል ነው፤ ልጆቹ መንሸራተትን እንደሚያሸንፉ አምነው ቀድሞ በዝግታ በሚያልፉበት ቦታ ፈጠኑ። ከዚያ በኋላ በስካንዲናቪያ አገሮች የትምህርቱ ሐሳብ ተለወጠ፤ ተማሪው መኪናውን ማዳን እንዲችል ሳይሆን ማዳን እንደማይችል በገዛ ዐይኑ እንዲያይ ማድረግ ተጀመረ።

ይህን የሚያውቅ ሰው ትምህርት ቤት ሲመርጥ ስለ መኪኖቹ የፈረስ ጉልበት ከመጠየቁ በፊት ስለ ጠዋቱ ክፍለ ጊዜ ቢጠይቅ ይሻላል፦ ፍሬን ስንት ጊዜ እረግጣለሁ? ከአሠልጣኝ ጋር ስንት ጊዜ እዞራለሁ? ከዙሩ በኋላ ስሕተቴን ቁጭ ብሎ የሚነግረኝ አለ ወይ? ሦስት ዙር አስነድቶ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሚያሰናብት ቤት ደስታ ይሸጥ ይሆናል፤ እሱንም ለሚፈልግ ነውር የለውም፣ ትምህርት ብሎ ግን አይጥራው።

ወደ ቤት መመለሻው ጉዞም የውሎው ክፍል ነው። ለረጅም ጊዜ በፍጥነት የሄደ ሰው ዐይኑ ፍጥነቱን ይለምደዋል፤ ከ150 ወርዶ በ80 ሲሄድ የሚዳኽ ይመስለዋል። ስለዚህ ከበሩ ሲወጡ ቢያንስ ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ፍጥነትን በስሜት ሳይሆን የፍጥነት መለኪያውን እያዩ መወሰን ያስፈልጋል። ለጎዳናው ሲባል የተለወጠውን የጎማ ንፋስም ጎማው ሲቀዘቅዝ ለክቶ ወደ ቀድሞው መመለስ ነው።