ለመንገድ የተፈቀደ የአየር ማጣሪያ አመራረጥ

ለመለዋወጫ ነጋዴዎችና ለጋራዥ ባለቤቶች የቀረበ ትምህርት

የአየር ማጣሪያ፥ በጋራዥ ቤት ፊልትሮ የሚባለው፥ ዋጋው አነስተኛ አገጣጠሙም ቀላል ስለ ሆነ፥ ብዙ አሳብ የሚጠይቅ ዕቃ አይመስልም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ይህን ዕቃ ሕጉን ሳያውቁ መሸጥም ሆነ መግጠም ያስጠይቃል። የግዛቱ የተሽከርካሪ ሕግ ቁጥር 27156 የጭስ መቆጣጠሪያውን አሠራር የሚለውጥ ዕቃ ያለ ፈቃድ መግጠምን ብቻ ሳይሆን፥ መሸጥን፥ ለሽያጭ ማቅረብንና ማስታወቂያ ማውጣትንም ይከለክላል። እንግዲህ ጥፋቱ የባለመኪናው ብቻ ነው ብሎ ነጋዴው ሊያመልጥ አይችልም። ስለዚህም ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይገባዋል፤ ይኸውም ማጣሪያው ለሞተሩ ምን እንደሚሠራ፥ ሕጉ ምን እንደሚጠይቅና ፈቃዱ እንዴት እንደሚነበብ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የማጣሪያው ሥራ

ሞተር ከሚጠጣው ቤንዚን ይልቅ የሚተነፍሰው አየር እጅግ ይበልጣል። 1 ኪሎ ቤንዚን በሚገባ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልገዋል፤ በሊትር ሲሰላ ለ1 ሊትር ቤንዚን 9,000 ሊትር ያህል አየር ማለት ነው። በዚህ አየር ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ወደ ሲሊንደር ከገባ የሲሊንደሩን ግድግዳና የፒስቶኑን ፋሻ ይበላል። ስለዚህ የማጣሪያ የመጀመሪያ ተግባር አቧራ መያዝ ነው፤ አየር በቀላሉ ማሳለፉ ሁለተኛ ነው። ገዢው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

የአየሩን ፍላጎት በሒሳብ ማወቅ ይቻላል። የ2 ሊትር ባለ አራት ምት ሞተር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ 2 ሊትር አየር ይስባል፤ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር ቢበዛ 6,000 ሊትር ያህል ነው። የፋብሪካው ማጣሪያ ሲሠራ ይህ ታስቦለታል። ስለዚህ ሞተሩ ሳይለወጥ ማጣሪያውን ብቻ መለወጥ የሚያስገኘው ጉልበት ጥቂት ነው፤ ልዩነቱ የሚታየው አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ ሲጨመርና የሞተሩ ፍላጎት ሲያድግ ነው።

ሙቀትም ሊታሰብ ይገባዋል። ሣጥን የሌለው ክፍት ማጣሪያ ከኮፈን በታች ያለውን የጋለ አየር ይስባል። አየሩ ከ25 ዲግሪ ወደ 55 ዲግሪ ቢሞቅ ክብደቱ በመቶ 9 ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ድምፁ ጨምሮ ጉልበቱ ሊቀንስ ይችላል።

2ኛ፤ የማጣሪያ ዓይነቶች

የወረቀት ማጣሪያ ደቃቁን አቧራ በሚገባ ይይዛል፤ ሲቆሽሽ ይጣላል። ዘይት የተቀባ የጥጥ ማጣሪያ ታጥቦ እንደገና ያገለግላል፤ ነገር ግን ዘይቱ ከልክ ካለፈ የሚገባውን አየር በሚለካው የጋለ ሽቦ ላይ አርፎ ልኩን ሊያሳስተው ይችላል። የስፖንጅ ማጣሪያም እንዲሁ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ ይሠራል። ሻጩ አምራቹን ሲጠይቅ አየር ማሳለፉን ብቻ ሳይሆን፥ አይ ኤስ ኦ 5011 በተባለው የመፈተኛ ደንብ ከአቧራው በመቶ ስንቱን እንደሚይዝ ይጠይቅ።

3ኛ፤ ሕጉ ምን ይጠይቃል

የካሊፎርኒያ ሕግ የመጣው ከችግር ነው። ሐገን ስሚት የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቅ የሎስ አንጀለስን ከተማ የሸፈነው ጭጋግ የመኪና ጭስ ከፀሐይ ብርሃን ጋራ ሲገናኝ የሚፈጠር መሆኑን በ1950ዎቹ መጀመሪያ አስረዱ። የግዛቱ የአየር ሀብት ቦርድ በ1967 ተቋቋመ፤ እኚሁ ሊቅም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆኑ።

ማጣሪያ ከጭስ ጋራ ምን ያገናኘዋል የሚል ይኖራል። የማጣሪያው ሣጥንና ቱቦ የአየር መለኪያውን ይሸከማሉ፤ የቱቦው ስፋት ሲለወጥ የመለኪያው ልክ፥ የቤንዚኑም መጠን ሊዛባ ይችላል። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣው ተን የሚመለሰውም በዚሁ መንገድ ነው። በአንዳንድ መኪናዎች ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ የቤንዚን ተን የሚይዝ ከሰል ተቀምጧል። ሣጥኑን አውጥቶ የሚጥል ሰው ይህን ሁሉ አብሮ ይጥላል።

በዚህ ምክንያት ዕቃዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው በፋብሪካው ሣጥን ውስጥ በነባሩ ቦታ የሚገባ ተመሳሳይ ምትክ ነው፤ ይህ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሁለተኛው አሠራሩን የሚለውጥ፥ ነገር ግን በቦርዱ ተመርምሮ «ኤግዜኪዩቲቭ ኦርደር» የተባለ የፈቃድ ወረቀት የተሰጠው ነው። ሦስተኛው «ለውድድር ብቻ» የሚል የተጻፈበት ነው፤ ይህ በሕዝብ መንገድ በሚሄድ መኪና ላይ አይፈቀድም።

4ኛ፤ ፈቃዱ እንዴት ይነበባል

የፈቃዱ ቁጥር «ዲ» በሚል ፊደል ይጀምራል። ቁጥሩ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። ነጋዴው በቦርዱ የኢንተርኔት መዝገብ ወረቀቱን አውጥቶ የመኪናውን ስም፥ የተሠራበትን ዓመት፥ የሞተሩን መጠንና የዕቃውን ቁጥር አንድ በአንድ ያመሳክር። ለአንድ ሞዴል የተሰጠ ፈቃድ ለጎረቤቱ ሞዴል አያገለግልም። ቁጥሩን የያዘው ምልክትም ከኮፈኑ በታች በሚታይ ስፍራ ይለጠፍ።

የስሞግ ቼክ ምርመራ በአብዛኛው የግዛቱ ክፍል በየ2 ዓመቱ ይደረጋል። መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ ያያል፤ ጭሱ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ፈቃድ የሌለው ዕቃ ስላለበት ብቻ መኪናው ሊወድቅ ይችላል። ከ2021 ሐምሌ ወር ጀምሮም የሞተሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም መለወጡ ይመረመራል። አዲስ መኪና ለጥቂት ዓመታት ከዚህ ምርመራ ነጻ ቢሆንም፥ ከምርመራ ነጻ መሆን ከሕጉ ነጻ መሆን አይደለም።

5ኛ፤ ምሳሌ

አንድ ደንበኛ መኪናው ላይ አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ ከነፈቃዱ አስገጥሟል እንበል። አሁን ደግሞ ትልቅ ክፍት ማጣሪያ ይፈልጋል፤ ማጣሪያውም በራሱ የፈቃድ ቁጥር አለው። ሻጩ ሁለቱም ፈቃድ አላቸው ብሎ ቢሸጥለት ሊሳሳት ይችላል፤ የማጣሪያው ፈቃድ የተሰጠው መሣሪያው ላልተጨመረበት መኪና ሊሆን ይችላልና። የመሣሪያው ፈቃድም የራሱን ቱቦና ማጣሪያ ጨምሮ የተሰጠ ከሆነ፥ አንዱን ክፍል መለወጥ ፈቃዱን ያፈርሳል። ትክክለኛው መንገድ አስቀድሞ የመሣሪያውን ወረቀት ማንበብ፥ በዚያ የተጠቀሰውን ማጣሪያ ወይም ተመሳሳይ ምትኩን መስጠት ነው። ከዚህ የተነሣ ሻጩ በዕለቱ ጥቂት ትርፍ ቢያጣ፥ ደንበኛው ከምርመራ ወድቆ ዕቃውን ይዞ አይመለስበትም።

ማጠቃለያ

ብልህ ነጋዴ መጀመሪያ መኪናውን፥ ቀጥሎ ወረቀቱን፥ በመጨረሻ ዕቃውን ያያል። መኪናው ምንም ካልተለወጠ በነባሩ ሣጥን የሚገባ ጥሩ ምትክ ይበቃዋል፤ ከተለወጠም ፈቃዱ ለዚያው መኪና መሆኑ ይረጋገጥ። የፈቃዱ ቁጥር በደረሰኙ ላይ ቢጻፍ ለሻጩም ለገዢውም ማስረጃ ይሆናል።

ለመለማመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ) የ3 ሊትር ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 5,000 ዙር ሲሽከረከር ቢበዛ ስንት ሊትር አየር ይስባል? (መልስ፤ 7,500 ሊትር።)

ለ) በነባሩ ሣጥን የሚገባ ምትክና ሣጥኑን የሚያስወጣ ማጣሪያ በሕግ ፊት የሚለያዩት ስለ ምንድን ነው?

ሐ) የፈቃድ ቁጥር ያለው ዕቃ ሕጋዊ የማይሆንበት ጊዜ የትኛው ነው?