ማረምና መታረም

እ.ኤ.አ. በ2001 (በ1993 ዓ.ም.) የተመሠረተው ዊኪፒዲያ በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፍ መዝገበ ዕውቀት ነው፤ በአማርኛም ይዘጋጃል። ማንም የሌላውን ጽሑፍ ማረም ስለሚችል፣ አስተያየት የመስጠትና የመቀበል ሥርዓት ያስፈልገዋል።

አንድ ተማሪ «መካነ ሰላም በቦረና ትገኛለች» ብሎ ጻፈ እንበል። አራሚው ቦረና ሲባል በኦሮሚያ ያለው ብቻ መስሎት ይሰርዘዋል። ዳሩ ግን በደቡብ ወሎም ቦረና አለ፤ መካነ ሰላምም የምትገኘው በዚሁ ነው። ተማሪው የሕዝብ ቆጠራውን ዘመን 1999 ሲል አራሚው 2007 ቢያደርገውም፣ ልዩነቱ የዘመን አቆጣጠር እንጂ የስሕተት አይደለም።

ስለዚህ አራሚ ከመሰረዙ በፊት የትኛው ዓረፍተ ነገር እንዳጠራጠረው፣ ምክንያቱንና ማስረጃውን በጽሑፉ የውይይት ገጽ ላይ ቢያሰፍር ይበጃል። ትችቱም በጽሑፉ እንጂ በጸሐፊው ላይ አይሁን። ጸሐፊውም በበኩሉ «የአገሩ ተወላጅ ነኝ» ማለቱ አይበቃውም፤ አንባቢ ሊያመሳክረው የሚችል የታተመ ምንጭ ማቅረብ ይገባዋል።

እያንዳንዱ ለውጥ በገጹ ታሪክ ውስጥ ስለሚመዘገብ የተሰረዘ ጽሑፍ ሊመለስ ይችላል። ያለምክንያት የተሰረዘበት ጀማሪ ግን ላይመለስ ይችላል፤ እርሱ ከቀረ ስለ መካነ ሰላም ማን ይጽፋል?