ወረቀትሽን ከመለጠፍሽ በፊት

ቆዪ፣ እንዳትለጥፊው። ወረቀቱን ስንት ወር እንደጠበቅሽ አውቃለሁ፤ ዛሬ ጠዋት የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱን ተቀብለሽ ስትወጪ አብሬሽ አልቅሻለሁ። ግን ፎቶውን አጉልተሽ እዪው፦ ሙሉ ስምሽ፣ የልደት ቀንሽ፣ የካርዱ ቁጥር። እዚህ ሆላንድ ቢኤስኤን የሚሉት ባለ 9 አሃዝ መለያ ቁጥርሽም አብሮ ከወጣ ባሰ። ግብርሽ፣ የጤና መድንሽ፣ ደሞዝሽ ሁሉ በሱ ነው የሚሄደው። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የልደት ቀንሽን ግን በምን ትቀይሪዋለሽ?

አምስተርዳም ክፍል ስትፈልጊም እንዲሁ ነው። ቤቱን ሳያሳይሽ «መታወቂያሽንና የመያዣውን ብር ላኪ» ለሚልሽ ሰው አትመልሺለት። ነገ በአንቺ ካርድ አከራይ መስሎ ሌላ ሐበሻ ያታልልበታል። ኮፒ መስጠት ግድ ከሆነ መንግሥት ያወጣው ኮፒአይዲ የሚባል አፕ አለ፤ ቁጥሩን ትሸፍኚበታለሽ፣ ለማን፣ ለምንና መቼ እንደሰጠሽው በፎቶው ላይ ትጽፊበታለሽ። ኋላ አብረን እናወርደዋለን።

እኔ በዚህ ነገር ተቃጥያለሁ። ዴን ሃግ ካለች ጓደኛዬ «በስህተት ወደ አንቺ የተላከ ኮድ አለ፣ መልሺልኝ» የሚል መጣ። ስሙም ፎቶውም የሷ ነው፤ ላክሁላት። ወዲያው ዋትሳፔ ከእጄ ወጣ። ጎንደር ላለችው አክስቴ በእኔ ስም «ታምሜያለሁ፣ ብር ላኩልኝ» ተባለ። እሷም ለክረምት ያስቀመጠችውን አራግፋ ላከች። ስሜን አይታ ነው ያመነችው፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ያንን ባለ 6 አሃዝ ኮድ እኔ ራሴ በጽሑፍ ብጠይቅሽ እንኳ አትስጪ። ደውዪና ድምፄን ስሚ።

አምስተርዳም ስቱዲዮ የነበረውን የቴሌቪዥን ጣቢያ ኢሳትን ታስታውሺዋለሽ? እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ለሠራተኞቹ በስካይፕ ፋይል ተላከላቸው፤ የሥራ ጽሑፍ ይመስላል። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 እንዳወጣው፣ በውስጡ የነበረው ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ ይሸጠው የነበረ የስለላ ሶፍትዌር ነው፤ የይለፍ ቃል ይሰርቃል፣ የስካይፕ ንግግር ይቀዳል። አንቺ ጋዜጠኛ አይደለሽም፤ ግን ስልክሽ ውስጥ ሀገር ቤት ያሉ የስንት ሰዎች ቁጥርና ድምፅ አለ? የማታውቂውን ፋይል ከመክፈትሽ በፊት እነሱን አስቢ።

በቲክቶክ ላይቭ ተጣልተው የሰው አድራሻ የሚበትኑትንም አትከተዪ። ሰውን ለማስፈራራት ብሎ አድራሻውን ማሰራጨት እዚህ ሀገር ከጃንዋሪ 1፣ 2024 ጀምሮ ወንጀል ነው፤ እስከ 2 ዓመት ያሳስራል።

በይ አሁን ካርዱን መሳቢያው ውስጥ አስገቢው። እማዬ ገና አልተኛችም፤ ከፌስቡክ በፊት እሷ ከአንቺ አፍ ትስማው። ደውዪላት፣ እኔም አጠገብሽ ነኝ።