ከጉዞ በኋላ አልበላም ያለ ጠቦት፦ የመጀመሪያዎቹ ቀናት አያያዝ

ከመተማ ዮሐንስ ተነስቶ በገላባት የሚሻገር መንጋ ገዳሪፍ እስኪደርስ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ጠቦቶቹ ከመኪና ወርደው ማሽላና ፋጉሎ (ሱዳኖች አምባዝ የሚሉት) ሲቀርብላቸው አሽትተው ዞር ይላሉ። ነጋዴው ታመውብኛል ብሎ ያገኘውን መድኃኒት ያስወጋል፤ አለዚያም በርካሽ ይሸጣል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ በሽታ አይደለም።

ለምን አይበሉም?

ጠቦት መብል የሚለምደው እናቱን እያየ ነው። በደጋ ሣር ያደገ ጠቦት በገንዳ የቀረበ ፋጉሎን እንደ መብል አይቆጥረውም። ከእናቱ መለየቱ፣ ጥሙ፣ ሙቀቱና የመኪናው እንግልት ደግሞ ይጨመርበታል።

ኪሳራው ምን ያህል ነው?

20 ኪሎ የሚመዝን ጠቦት ከክብደቱ 10 በመቶ ቢያጣ 2 ኪሎ ነው። በ100 ጠቦት 200 ኪሎ፣ ማለትም የ10 ጠቦት ክብደት ይሆናል። መጀመሪያ የሚቀንሰው የሆድ ዕቃና ውሃ ስለሆነ ቶሎ ይመለሳል። ሳይበላ ከሰነበተ ግን ሥጋና ስቡ ይሟጠጣል፤ እሱን ለመመለስ ሳምንታት ይፈጃል።

እንዴት ይለመዳሉ?

1. ቅድሚያ ለጥላና ለንጹህ ውሃ ይሰጥ። የተጠማ ጠቦት ደረቅ መኖ አይበላም።

2. በመጀመሪያው ቀን የሚያውቁት ድርቆሽ ብቻ ይቅረብ።

3. ከገንዳ መብላት የለመዱ ሁለት ሦስት ጤናማ በጎች ይቀላቀሉ። ጠቦቶቹ እነሱን አይተው ይጀምራሉ።

4. ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ለአንድ ጠቦት 50 ግራም ያህል ማሽላና ፋጉሎ ድርቆሹ ላይ ይነስነስ። መጠኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር፤ የተረፈው በየቀኑ ይነሳ።

5. ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚደርሱበት ገንዳ ይዘጋጅ። ደካሞቹ ለብቻ ይመገቡ።

በጉልበት አፍ ውስጥ መጋት አይገባም፤ መኖው ወደ ሳንባ ገብቶ ይገድላል።

ሁለት አደጋዎች

የራበው ጠቦት የማሽላ እህል እንደልቡ ካገኘ ጨጓራው ውስጥ አሲድ በዝቶ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ከአጨዳ በኋላ ዳግም ያቆጠቆጠ ለጋ ማሽላም ሳያናይድ የተባለ መርዝ ስለሚይዝ የተራበ መንጋ እዚያ ላይ አይለቀቅ።

በሽታ የሚጠረጠረው መቼ ነው?

የጤናማ በግ የሰውነት ሙቀት 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ40 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቁስል ወይም ተቅማጥ ከታየ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ሊሆን ይችላል። እንስሳው በዚያው ቀን ተለይቶ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይታይ። እሱን ገበያ ማውጣት በሽታውን ለሌላው ነጋዴ መንጋ ማሻገር ነው፤ በሽታው ሲዛመት ደግሞ የሚዘጋው የሁሉም ገበያ ነው።